ነፊርን ያስነሳንበት በጋ

የሱዳኑ ጦርነት ኦምዱርማን ሲገባ ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ነበር። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ የነበረኝ የኮምፒውተር አስተማሪነት ሥራዬና የተከራየሁት ቤት ነው። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ሄዱ። ላፕቶፔን በምከናነበው ረጅም ጨርቅ፣ በቶቤ ጠቅልዬ፣ የጭነት መኪና ላይ ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር ተጨናንቄ፣ ወደ ተወለድኩባት ወደ አትባራ ተመለስኩ።

ወንድሜ ኸለፈላ የብስክሌት መለዋወጫ ሱቅ አለው። በር ላይ ሲያየኝ አለቀሰ፤ ከዚያ እንባውን እንኳ ሳይጠርግ መቀለድ ጀመረ። እህቴ ኢቅባል ይኸን ሁሉ ዘመን ዋና ከተማ ተቀምጣ ያተረፈችው ይቺን ጠፍጣፋ ሣጥን ነው ብሎ ላፕቶፑን ለሚስቱ አሳያት። ሳቅኩ። ከቤቴ ከወጣሁ ወዲህ ጥርሴ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር።

አትባራ የምድር ባቡር ከተማ ናት። ልጅ ሳለሁ ከተማው የሚነሳውም የሚያርፈውም በወርክሾፑ ሳይረን ነበር። ጠዋት ሲጮህ ከየቤቱ ብስክሌት ይወጣል፤ መንገዱ ቱታ በለበሱ ወንዶች ይሞላል፣ የደወላቸው ድምፅ እስከ ወንዙ ይሰማል። ቀትር ላይ እንደገና ሲጮህ ያ ሁሉ ብስክሌት ተመልሶ ይመጣል፤ እናቶቻችንም እሱን ሰምተው ድስቱን ያወርዳሉ። አባቴ ቦይለር ሠሪ ነበር፤ ከሩቅ በሳሉ እናውቀዋለን። አሁን ሳይረኑ ዝም ብሏል። የኒም ዛፎቹ አሉ፣ ቢጫ ጡብ ቤቶቹም አሉ፤ ሐዲዱን ግን በብዙ ቦታ አሸዋ ውጦታል። ኸለፈላ እስከ ዛሬ ድረስ ቀትር ሲሆን ሥራውን ያቆምና ሳያስበው ጆሮውን ይሰጣል።

ጥቂት ወራት እንደቆየሁ የምድር ባቡር ሠራተኞች ክበብ ኃላፊ ሲድ አሕመድ እቤት ድረስ መጣ። ተፈናቅለው የመጡ ልጆች ከተማውን ሞልተውታል፣ ትምህርት ቤቶቹ መጠለያ ሆነዋል፤ ክበቡ ውስጥ ደግሞ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ድሮ የሰጣቸው ኮምፒውተሮች አንሶላ ለብሰው ተቀምጠዋል። እስቲ አስተምሪልን አለኝ። ሥራ ፈትቶ መዋል መርሮኝ ስለነበር ንግግሩን ሳይጨርስ እሺ አልኩት።

ማስተማሩ ግን አልሆነልኝም። የፕሮግራም ቋንቋዎቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ልጆቹ እንግሊዝኛ የላቸውም። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ቃል እንደ ሥዕል ይገለብጡታል። ሩማይሳ የምትባል ልጅ የገለበጠችው ሁሉ ይሠራላታል፤ ምን ብለሽ ነው ያዘዝሽው ስላት ግን፣ "እርስዎ ያሉትን ነዋ" አለችኝ። ያን ቀን ከክበቡ ወደ ቤት በእግሬ ስሄድ ነፊር ትዝ አለኝ።

ነፊር በእኛ አገር ደቦ ማለት ነው። እኔ የምላችሁ ነፊር ግን የኮምፒውተር ቋንቋ ነው፤ አትባራ ተወልዶ ከአትባራ ብዙም ያልራቀ። የፈጠሩት በቴክኒክ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪያችን የነበሩት ኡስታዝ ሐሰበላ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ የጀለቢያቸው ኪስ ሁልጊዜ በሽቦና በብሎን የተወጠረ ሰው ነበሩ። ያኔ ለመለዋወጫ ዕቃ ቆጠራ ተብሎ አንድ ኮምፒውተር በእንጨት ሣጥን ታሽጎ በባቡር መጣ፤ ደፍሮ የሚነካው ሲጠፋ ኡስታዝ ለምነው ለትምህርት ቤቱ ተዋሱት። እኔና የክፍሌ ልጅ ሙዘሚል ሣጥኑ ሲከፈት እዚያው ነበርን። የአዲስ ፕላስቲክ ሽታውን አሁንም አስታውሳለሁ።

ኡስታዝም እንደ እኔው የእንግሊዝኛውን ቃላት ሊያስተምሩን ታግለው ታግለው፣ አንድ ቀን ጠመኔውን አስቀመጡና፣ "ይህ ዕቃ አትባራ ድረስ ከመጣ፣ የአትባራን ሰው አነጋገር ይልመድ" አሉ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እየተቀመጥን ቋንቋውን ሠራነው። ዋናውን የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ እኛ መጀመሪያ እንፈትን ነበር፣ ኋላ ላይ እኛም መጻፍ ጀመርን። ትእዛዞቹ ሰው በየመንገዱ የሚናገራቸው ናቸው። አንድ ነገር እንዲያሳይህ "ጉል" ትለዋለህ፤ ተናገር ማለት ነው። እንዲደጋግምልህ "ዱር"፤ ዙር ማለት ነው። ሲበቃህ "ኸላስ"።

የሁላችንም ፍቅር ግን ከቁጣው ጋር ነበር። ስትሳሳት ነፊር ዝም አይልም። ቅንፍ ከፍተህ ሳትዘጋ ከሄድክ፣ "በሩን ከፍተህ የት ሄድክ? ፍየሉ ይግባ?" ይልሃል። አስቀድመህ ያላስተዋወቅከውን ስም ከተጠቀምክ፣ "እንግዳ ስታመጣ ቀድመህ አትናገርም?" ማብቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ከገባህ ትንሽ ይታገስህና፣ "ዞረህ ዞረህ እዚያው። ቁጭ በል፣ ራሴን አዞርከው" ብሎ ያቆምሃል። ሥራህን ጨርሰህ ስትዘጋው ደግሞ ሁልጊዜ፣ "ስትመለስ ዳቦ እንዳትረሳ" ይላል። ሌላ ምን ይል ይሆን እያልን ሆን ብለን እንሳሳት ነበር። አንድ ቀን ተናድጄ፣ እኔ ሴት ነኝ፣ ለምን እንደ ወንድ ይቆጣኛል ብዬ ኡስታዝን ጠየቅኳቸው። ሳቁና፣ "አንቺን አይደለም እኮ የሚያናግረው" አሉኝ። ማንን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም ቀልድ መስሎኝ ተውኩት።

ትምህርት ጨርሰን ሥራ ከያዝንም በኋላ ዓርብ ዓርብ እየተገናኘን ነፊርን እናሻሽል ነበር። ሙዘሚል ከእኔ የበለጠ ጎበዝ ነው፤ ግን ዓይኑ ሩቅ ያያል። ነፊርን ለመላው የዐረብ አገር እናድርሰው፣ ለዚያ ደግሞ የመንገዱን አነጋገር ትተን በመጽሐፍ ዐረብኛ እናድርገው፣ ፍየሉንና ዳቦውንም እናውጣ አለ። ኡስታዝ ትእዛዞቹን ብትለውጥ ግድ የለኝም፣ ቁጣውን ግን አትነካም አሉት። እሱ ይከራከራል፣ እሳቸው ፈገግ እያሉ እምቢ ይላሉ፤ እኔ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። በመጨረሻ ለብቻቸው ተነጋገሩ። ምን እንዳሉት አላወቅኩም። ሙዘሚል እኔን ሳይሰናበት ለሥራ ባሕር ማዶ ወደ ማስቀት ሄደ። ከመሄዱ በፊት ለአባቴ ሽማግሌ ሊልክ አስቦ ነበር ሲሉ ሰማሁ። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም።

ከዚያ ኑሮ በየፊናው ወሰደን። በአንድ ዝናብ በበዛበት ክረምት የኡስታዝ ቤት ጣሪያ ወርዶ የነፊር ዲስኬቶች ከጭቃ ጋር ተቦኩ። የእኔ ቅጂ ኦምዱርማን ከተዘረፈው ኮምፒውተሬ ጋር ቀረ። ኡስታዝም ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው አረፉ። ነፊር በሕይወት ካለ ያለው ሙዘሚል ዘንድ ብቻ ነው።

ቁጥሩን ከአክስቱ ልጅ አገኘሁ። ገበያው ውስጥ ጣሪያው ላይ የሳተላይት ኢንተርኔት የተከለ ሱቅ አለ፤ ከተማው ሁሉ ስልኩን ይዞ ግድግዳው ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ አንዱ ከሪያድ ካለ ልጁ ጋር ይጨቃጨቃል፣ አንዷ ካይሮ ላለች እህቷ ታለቅሳለች። እኔም በመሃላቸው ቁጭ ብዬ ለሙዘሚል የድምፅ መልእክት ላክሁ። ስለ ክበቡና ስለ ልጆቹ ነገርኩት፤ ኮዱ ካለህ ላክልኝ አልኩት። ሻዬን ሳልጨርስ መለሰ። ድምፁ ወፍሯል፣ አነጋገሩ ግን ያው ነው።

"ኢቅባል፣ ይኸን ሁሉ ዘመን አለህ ወይ ሞተሃል ሳትይኝ፣ ዛሬ ብድግ ብለሽ ኮድ ላክ? አንቺ መቼም አትለወጪም።" ጉሮሮውን ጠረገ። "አለኝ። ኮምፒውተር በቀየርኩ ቁጥር አብሮኝ ይቀየራል። እልክልሻለሁ። ኡስታዝ ደኅና ናቸው? ሰላም በይልኝ።"

አልሰማም ነበር። እኔ ደግሞ የሰማ መስሎኝ ነው መርዶውን ያልነገርኩት። በድምፅ መናገር አቃተኝና ጻፍኩለት። መልእክቴን እንዳነበበው አየሁ። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ፋይሉ ያለ አንዲት ቃል መጣ።

ነፊርን ከምንጩ መልሶ መገንባት ያን በጋ በሙሉ ያዘኝ። ፋይሉን ስከፍተው መጀመሪያ ያየሁት ፍርስራሽ ነው። የድሮ ኮምፒውተሮች የዐረብኛ ፊደል የሚያስቀምጡበት መንገድ ከዛሬው ይለያል፤ "ጉል" ይል በነበረበት ቦታ የጥያቄ ምልክትና ማንም የማያውቀው ጭረት ተደርድሯል። የድሮውን ፊደል ወደ አዲሱ የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩና አሳለፍኩት። ቃላቱ አንድ በአንድ ነፍስ ዘሩ። ቀጥሎ ኮዱን ለኮምፓይለሩ ሰጠሁት፤ ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ማሽን ወደሚገባው የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። የዛሬው ኮምፓይለር የድሮ አጻጻፍ አይወድም። ይህ የት ነው የተነገረው፣ ያ ምንድን ነው፣ ይኸኛው አይፈቀድም እያለ ስክሪኑን በስህተት አጥለቀለቀው።

ያም ሆኖ ደስ የሚል ሥራ ነበር፤ ምክንያቱም በየመስመሩ ኡስታዝን አገኛቸዋለሁ። የፕሮግራሙን ክፍሎች ከአትባራ ወደ ባሕሩ በሚወስደው የባቡር መስመር ጣቢያዎች ነው የሰየሟቸው። የተጻፈውን የሚቀበለው ክፍል አትባራ ይባላል፤ ቃላቱን የሚለየው ሙስማር፤ ሐሳቡን የሚያያይዘው ሃያ፣ ቁጥሩ ሳይሆን ጣቢያው፤ ከዚያ ሰንካት፤ ትእዛዙ የሚፈጸምበት የመጨረሻው ፖርት ሱዳን ነው። ረስቼው ነበር። የኸለፈላ ሱቅ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ስላለ ቀን ቀን እዚያው ከጎማና ከሰንሰለት መሃል ተቀምጬ እሠራለሁ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ኸለፈላ፣ "እህቴ በባቡር እየሄደች ነው፣ አትረብሿት" ይላል፤ ማታ ራት ላይ ደግሞ የት ደረስሽ ይለኛል። ሙስማር ደርሻለሁ እለዋለሁ። አላህ በሰላም ያግባሽ ይላል።

ሃያና ሰንካት መካከል ተቸነከርኩ። ኮዱ ይገነባል፣ ይነሳል፣ ከዚያ ምንም ሳይናገር ይሞታል። ደጋግሜ ፈለግኩት። በኋላ ሲገባኝ ጥፋቱ የማንም አይደለም። ኡስታዝ የጻፉላት ማሽን ትንሽ ነበረች፤ ዕቃ ያስቀመጠችበትን ቦታ ቁጥር ለመያዝ ጠባብ ቦታ ይበቃት ነበር። የዛሬው ማሽን ቁጥሩ ረጅም ነው፤ በዚያ ጠባብ ቦታ ሲከተት ግማሹ ይቆረጣል፣ ፕሮግራሙም የሌለ በር ሲያንኳኳ ይወድቃል። በየቦታው እየዞርኩ ቦታውን አሰፋሁት። በማግስቱ ረፋድ ላይ ነፊር ተነሳ። "ጉል" ብዬ የአባቴን ስም ጻፍኩለት፤ የአባቴን ስም መልሶ ተናገረ። ኸለፈላ ቅባት በነካው እጁ ትከሻዬን ያዘና ስክሪኑን አየ።

ከዚያ ሆን ብዬ ተሳሳትኩ። ቅንፍ ከፍቼ ሳልዘጋ ተውኩና ፍየሉን ጠበቅኩ። ነፊር ግን በጥሩ የመጽሐፍ ዐረብኛ፣ "ስህተት፦ ያልተዘጋ ቅንፍ ተገኝቷል" አለኝ።

ሌላም ሞከርኩ፣ ሌላም። ሁሉም እንደ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ነው። ለሙዘሚል ደወልኩለት። ያኔ የቁጣዎቹን ፋይል በራሱ ፋይል እንደተካው፣ የድሮውን ደግሞ ከንዴቱ የተነሳ እንዳላስቀመጠው ነገረኝ። ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔ አልተቆጣሁም፤ ግን ሰውየው ቤት ድረስ ሄጄ ሰውየውን ያጣሁ ያህል ከፋኝ።

የማስታውሳቸውን ቁጣዎች ጻፍኩ። ጥቂት ናቸው። ምናልባት ወረቀት ላይ የቀረ ነገር ይኖር ይሆናል ብዬ የኡስታዝን ባለቤት ሐጃ በቱልን ልጠይቅ ሄድኩ። ከለቅሶው ወዲህ አላየኋቸውም ነበር። ወንዙ አጠገብ ባለው አሮጌ ቤታቸው ግቢ ውስጥ፣ በገመድ በተጠለፈ አልጋ፣ አንገሬብ ላይ ተቀምጠው ተምር ይለቅማሉ። ሰውነታቸው ቢያንስም ዓይናቸው ንቁ ነው። ከስተሻል፣ ወንድምሽ አያበላሽም እንዴ አሉኝ፤ ሻይ በወተት አስቀዱልኝ። ስለ ወረቀቱ ስጠይቃቸው ዝናቡ ሁሉንም ወስዶታል አሉ። እሳቸው እንደሆኑ ፊደል አልቆጠሩም፣ ያን ማሽንም በዓይናቸው አይተውት አያውቁም።

ልነሳ ስል ዝም ብዬ ለጨዋታ ያህል ነገርኳቸው። "ሐጃ፣ ማሽኑ እኮ ይቆጣን ነበር። ስንሳሳት፣ በሩን ከፍተህ የት ሄድክ ይለናል።"

እጃቸው ተምሩ ላይ ቆመ። "ፍየሉ ይግባ?" አሉ።

ሌላ ሰው፣ ወይ ኡስታዝ ራሳቸው ነግረዋቸው ይሆናል ብዬ፣ "እንግዳ ስታመጣ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ቀድመህ አትናገርም?" ብለው ጨረሱት። ቀና ብለው አዩኝ። "ይኸን ማን ነገረሽ? ይህ እኮ የእኔ ነው። ያ ሰውዬ በር ከፍቶ ሲሄድ ፍየሎቹ ገብተው ዱቄቴን አይጨርሱም መሰለሽ? ሳይነግረኝ ሰው እየሰበሰበ ይዞብኝ አይመጣም መሰለሽ?"

ያኔ ገባኝ። ነፊር ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲቆጣ የኖረው ኡስታዝን ነው። የተናገረውም በሐጃ በቱል አፍ ነው። እየሳቅኩ አስረዳኋቸው፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ፊታቸው ተለወጠ። የትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ ይሰሙት ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ቶባቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉና፣ "ጨቅጫቃ ሚስት እንዳለችው ለአገር ሲያወራ ነዋ የኖረው" አሉ። ማንም የእርስዎ መሆኑን አላወቀም፣ ኡስታዝ ይወዱት ስለነበር ነው ብዬ ብለምን አልሰሙኝም። ደክሞኛል ልተኛ አሉ። አሳዝኜያቸው መውጣቴ እስከ ቤት ድረስ አብሮኝ መጣ።

ለጥቂት ቀናት ነፊርን አልነካሁትም። ለኸለፈላ ሚስት ስነግራት፣ እኔንም ወንድምሽ ማሽን ውስጥ ቢከተኝ አልወድም አለችኝ። ከዚያ ሐጃ ሰው ላኩብኝ። ስደርስ አንገሬቡ ላይ ለእኔም ቦታ አዘጋጅተው ነበር። ሰላምታም ሳይጨርሱ፣ "የዳቦውንስ ጽፎታል?" አሉኝ።

"የቱን?"

"ሲወጣ ሁልጊዜ የምለውን። ስትመለስ ዳቦ እንዳትረሳ።"

እሱን ነፊር ሥራ ተጨርሶ ሲዘጋ እንደሚለው ነገርኳቸው። ሁልጊዜ፣ ለሁሉም ሰው፣ ሳያጓድል።

ወንዙ ወዳለበት አዩ። "ዕድሜ ልኬን ረስቶት ነው የሚመጣው" አሉ ቀስ ብለው። "ኪሱ ብሎን፣ እጁ ባዶ። እኔ ደግሞ ይህ ሰው ሳወራ አይሰማኝም እያልኩ ነው የኖርኩት። ለእናቴም ለጎረቤትም የምለው ይኸንኑ ነው፤ ባሌ ደግ ነው፣ ግን አይሰማኝም።" ዓይናቸውን በቶባቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ። "ለካ አንዲት ቃል አላመለጠችውም።"

ላፕቶፑን ክፈቺ አሉኝ። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም በየጊዜው እየሄድኩ፣ እሳቸው ተምራቸውን እየለቀሙ ሲናገሩ እኔ ጻፍኩ። እኔ ስህተቱን በሰው ቋንቋ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ትንሽ አስበው የሚገባውን ቁጣ ያወጣሉ። ማሽኑ የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲሞላ አልኳቸው። "ይህን ሁሉ አሮጌ ሬዲዮ ሰብስበህ፣ ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ።" የተፈለገው ፋይል ሲጠፋ። "ያስቀመጥክበት ፈልገው፤ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ።" ቁጥርን ለዜሮ ማካፈል ምን እንደሆነ ለማስረዳት ተቸግሬ፣ ዳቦ ይዞ ተቀባይ ሳይኖር ማካፈል ነው አልኳቸው። ወዲያው፣ "ለማን ነው የምትቆርሰው? ቤት ውስጥ ሰው የለም" አሉ። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ቃል በቃል ይኸው ነበር። አንዳንዴ እሳቸውም ተናግረው ራሳቸው ይስቃሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ተናግረው ወደ ተምራቸው ያቀረቅራሉ፣ እኔም አልጠይቅም።

ፋይሉ ሲያልቅ ኮዱን እንደገና ገነባሁት፤ ለሙዘሚልም ሐጃ ሲናገሩ በስልኬ የቀዳሁትን ድምፅ ላክሁለት። በዚያው ቀን ደወለ።

"ያኔ ለብቻችን ስንነጋገር ምን እንዳሉኝ ነግሬሽ አላውቅም" አለ። "ሙዘሚል ልጄ፣ ቃሉን ማውጣት ቀላል ነው፣ የቃሉን ባለቤት ግን ከቤቴ አላስወጣም አሉኝ። እኔ ሕዝቡን ማለታቸው መስሎኝ። ስለ ሕዝብ ሊሰብኩኝ ነው ብዬ ተናድጄ ወጣሁ።" እንደ ሳቅ ያለ ነገር አወጣ። "ሚስታቸውን ነው ለካ የነገሩኝ።"

ከዚያ ብዙ ተጫወትን። ሚስቱ ፍልስጤማዊት እንደሆነች፣ ልጆቹ አትባራን በካርታ ብቻ እንደሚያውቋት ነገረኝ። የሳይረኑን ነገር ጠየቀኝ፤ አይጮህም አልኩት። ስለ አባቴና ስለ ሽማግሌው ጉዳይ አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁም። ለሁለታችንም ያለፈ ነገር ነው፤ ደግሞም ጥሩ ያለፈ ነገር ነው።

ነፊርን በክበቡ ኮምፒውተሮች ላይ በየተራ ጫንኩት። አንዱ አሮጌ ስለሆነ እምቢ አለ፤ እሱን ሲድ አሕመድ ራሱ በነፋስ ማራገቢያ እያቀዘቀዘልኝ አስጀመርነው። ለመጀመሪያው ትምህርት ኸለፈላ ሐጃ በቱልን በባጃጅ አመጣቸው። መስኮቱ አጠገብ ወንበር ተሰጥቷቸው፣ ነጭ ቶባቸውን አጥብቀው፣ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ኮስተር ብለው ተቀመጡ። ማን እንደሆኑ ለልጆቹ አልነገርኩም፤ አትናገሪ ብለውኝ ነበር።

ትእዛዞቹን ሰሌዳ ላይ ጽፌ አልጨረስኩም፣ ክፍሉ መንሾካሾክ ጀመረ። ጉል? ኸላስ? እንደዚህ ተብሎ ይጻፋል እንዴ ይባባላሉ። ሩማይሳ ቸኩላ ጻፈች፤ ቅንፉን አልዘጋችም። ስክሪኗን አነበበችና በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች፤ ሌሎቹም ሊያዩ ተንጋጉ። ሐጃ፣ "ምን አላት?" ብለው ጠየቁኝ። ጆሯቸው ሥር ነገርኳቸው። ኮስታራነታቸው ቀስ በቀስ ፈታ ሲል አየሁት። ግን አንድ ነገር አልጣማቸውም። ሴት ልጅ ናት፣ የት ሄድክ አትባልም አሉኝ፤ እሱ ለባሌ ነው፣ ለእሷ ለራሷ ተናገሪያት። ያን ማታ ለሙዘሚል ነገርኩት። በሁለተኛው ቀን ነፊር ሲጀምር ወንድ ነህ ሴት ነሽ ብሎ የሚጠይቅ፣ እንደ መልሱም አነጋገሩን የሚለውጥ ኮድ ጽፎ ላከልኝ። ያስገባውን አዲሱን ክፍል በዚያው የባሕሩ መስመር ባለች ሌላ ጣቢያ ስም ጀበይት ብሎ ሰይሞታል።

በዚያው በመጀመሪያው ቀን ከትምህርቱ ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ሐጃ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ልጆቹ ሳይሳሳቱ ሲቀሩስ ማሽኑ ምን ይላቸዋል? ምንም አይልም አልኳቸው፤ ትክክል ሲሆን ያዘዙትን ሠርቶ ዝም ይላል። ባቡር ጣቢያውን አለፍን።

"እኔም እንደዚያው ነበርኩ" አሉ። "ሲያጠፋ እናገራለሁ። ሲያለማ ዝም። ሬዲዮ ጠግኖ ለድሃ ሲሰጥ፣ የሰው ልጅ በነፃ ሲያስተምር፣ በልቤ ደስ ይለኛል፣ በአፌ ግን አንድም ቀን አላልኩትም። የሚያውቀው ይመስለኝ ነበር።"

ያውቁ ነበር፣ ባያውቁ ቃልዎን አያስቀምጡትም ነበር አልኳቸው። ቤታቸው ስንደርስ ኸለፈላ ደግፎ አወረዳቸው። በሩ ላይ ቆመው ወደ እኔ ዞሩና፣ "እጅህ ይባረክ በይበት" አሉኝ። "ትክክል ሲሠሩ። ለሴቶቹ እጅሽ ይባረክ።"

ጨመርኩት፤ ቋንቋውንም አንድ ጊዜ እንደገና ገንብቼ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ መልሼ ጫንኩት። ለሙዘሚልም አዲሱን ላክሁለት። ማስቀት ውስጥ ከሥራ ቦታው አንዲት አጭር ፕሮግራም ጽፎ እንዳስኬዳት፣ የመጣለትን አንብቦ ወደ ውጭ ወጥቶ ትንሽ እንደተንሸራሸረ ነገረኝ። አለቃው የት ሄደህ ነው ሲለው፣ አገሬ ደርሼ መጣሁ አለው።

መንገዱ ተከፍቷል ይላሉ። ሰው አንድ ሁለት እያለ ወደ ኦምዱርማን መመለስ ጀምሯል፤ የቤቴ አከራይም ግድግዳው ቆሟል፣ ነይ ብላኛለች። እሄዳለሁ፣ ግን አሁን አይደለም። ልጆቹ ገና የዙር ትምህርት ላይ ናቸው፤ ሩማይሳ ደግሞ ለእናቷ የሻይ ንግድ የሚሆን ፕሮግራም ጀምራ መሃል ላይ ቀርቶባታል። ሐጃ በቱል በየሳምንቱ ይመጣሉ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ተምር ያከፋፍላሉ፤ አንዱ ጥጉ ላይ ያለ ልጅ ስክሪኑን አይቶ ብቻውን ፈገግ ሲል ካዩ፣ ማሽኑ ምን እንዳለው አይጠይቁም።